«የሃይድሮጅን ክምችት» ምንድን ነው? ተገኘ አይባልም፣ ተሞላ ነው የሚባለው

ሰሞኑን ሚኒባስ ውስጥ ሬዲዮ እየሰማሁ ነበር። አንድ ተንታኝ «አውሮፓውያን ከመሬት በታች ትልቅ የሃይድሮጅን ክምችት አላቸው፤ እኛም ብንቆፍር አናጣም» አለ። ይህን አባባል ስሰማ ስንተኛ ጊዜዬ እንደሆነ እንጃ። የዶክትሬት ጥናቴ በዚሁ ጉዳይ ላይ ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ስህተቱ ከቃሉ ይጀምራል። «ክምችት» በአማርኛ ሁለት ነገር ነው። «የወርቅ ክምችት ተገኘ» ስንል ተፈጥሮ ያኖረችውን ነው። «የእህል ክምችት» ስንል ግን ሰው ለፍቶ አምርቶ ያስቀመጠውን። የአውሮፓው ሃይድሮጅን እንደ እህሉ ነው።

ለእኛ ለጎንደሬዎች ይህ ከባድ አይደለም። የፋሲለደስ መዋኛ ዓመቱን ሙሉ ውሃ አይዝም። ጥምቀት ሲቃረብ ከቀሃ ወንዝ በቦይ ይሞላል። ጥር 11 ገንዳው ጢም ብሎ ያየ እንግዳ «እዚህ ምንጭ አለ» ቢል፣ አጠገቡ የቆመ ልጅ እንኳ ያርመዋል። ውሃው የቀሃ ነው፤ ገንዳው ማቆያ ነው።

ቀሃን በነፋስና በፀሐይ ኃይል ተኩት። ነፋሱ ሲበዛ የተረፈው ኤሌክትሪክ ውሃን ሰንጥቆ ሃይድሮጅን ያወጣል። እሱ ከመሬት በታች ይቀመጥና ፀሐይ በምታጥርበት የብርድ ወራት ይወጣል። ቦዩ ግን ያፈሳል። 1 ኪሎ ሃይድሮጅን ለማምረት ከ50 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ኤሌክትሪክ ይበላል፤ በውስጡ የሚይዘው 33 ያህል ነው። መልሰን ኤሌክትሪክ ስናደርገው ደግሞ ከ100 እጅ የምናገኘው ከ30 እስከ 40 ቢሆን ነው። ተንታኙ እንደ ሀብት የቆጠረው ነገር እያንዳንዱ ኪሎ ተከፍሎበታል።

ታዲያ ለምን ከመሬት በታች? ቦታ ስለሚፈጅ። ካልታመቀ 1 ኪሎ ሃይድሮጅን 12 ሜትር ኩብ ገደማ ይይዛል። የወራት ፍጆታ በብረት ታንከር አይቻልም።

አሁን ገንዳውን ትንሽ ላስተካክለው፤ ብዙ ሰው «ከመሬት በታች» ሲባል ባዶ ዋሻ ይመስለዋልና። ዋሻ የሚሆነው ጨው ውስጥ ሲሆን ነው። ጨዉን በውሃ አሟሙተው ይቦረቡሩታል። እንግሊዝ ቲሳይድ ውስጥ ከ1972 ጀምሮ፣ አሜሪካ ቴክሳስ ውስጥ ከ1983 ጀምሮ በዚህ መንገድ እየተቀመጠ ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) እኔ የማጠናው ሌላውን፣ ቀዳዳ ያለውን አለት ነው። ጠረጴዛዬ ላይ የጣት ውፍረት ያለው የአሸዋ ድንጋይ አለ። ሲያዩት ድፍን ነው። የውሃ ጠብታ ሲያርፍበት ግን ትንሽ ያብረቀርቅና ወደ ውስጥ ይሰምጣል፤ እርጥብ ክብ ብቻ ይቀራል። ጋዙም የሚገባው እንዲህ ነው። ከላይ የማያስተላልፍ አለት እንደ ክዳን ካልተጫነበት ግን ያመልጣል።

ሌላም ልዩነት አለ። የፋሲል ገንዳ በዓሉ ሲያልፍ እስከ ወለሉ ሊለቀቅ ይችላል። የሃይድሮጅኑ ማከማቻ ግን አይቻልም። ግፊቱ እንዳይወርድና ከጎን ያለው ውሃ እንዳይገባ፣ ከታች ሁልጊዜ የማይነካ ጋዝ መቅረት አለበት። ቀዳዳማ አለት ውስጥ ይህ ከጠቅላላው ግማሽና ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ይህን ያህል ቶን ይይዛል» ሲባል ስንቱ ተመልሶ እንደሚወጣ ጠይቁ።

የቆመ ውሃ አረንጓዴ እንደሚይዘው ሁሉ ሃይድሮጅንም ተመጋቢ አለው። በቀድሞዋ ቼኮዝሎቫኪያ፣ ሎቦዲትሴ በተባለ ቦታ፣ ግማሽ ያህሉ ሃይድሮጅን የሆነ ጋዝ ከመሬት በታች ተቀምጦ ነበር። ሲያወጡት ሃይድሮጅኑ ቀንሶ ሚቴን የተባለ ሌላ ጋዝ በዝቶ ተገኘ። አለቱ ውስጥ የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን በልተውታል። እኔን ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳኝ ይህ ነው።

ለተንታኙ ፍትሐዊ ልሁን። ተፈጥሮ ራሷ የሠራችው ሃይድሮጅንም አለ። ማሊ ውስጥ ቡራኬቡጉ በ1987 ለውሃ ሲቆፈር 98 በመቶ ያህል ሃይድሮጅን የሆነ ጋዝ ወጥቷል። እሱ «ተገኘ» ይባላል። ግን ሌላ ሙያ፣ ሌላ ጥያቄ ነው፤ የአውሮፓውን ማከማቻ ለዚያ ማስረጃ ማድረግ አይቻልም።

«እኛም ብንቆፍር» ላለው ደግሞ፦ ከጎንደር እግር ሥር ያለው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ እሳተ ገሞራ ነው። ጥቁሩ ድንጋይ ስንጥቃት ይበዛዋል፤ ስንጥቅ ደግሞ ለጋዝ በር ነው። ዳናኪል ላይ ወፍራም ጨው አለን። ጨው መኖሩ ብቻ ግን አይበቃም፤ እዚያ መጀመሪያ የሚለካው የመሬቱ ሙቀትና መንቀጥቀጡ ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ የህዳሴ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። የክረምቱን ውሃ ለበጋ የማቆየቱን ሥራ ለእኛ እሱ እየሠራው ነው።