የማክመርዶ ደረቅ ሸለቆዎች የረጅም ጊዜ የሥነ ምህዳርና የአየር ንብረት ክትትል

የማክመርዶ ደረቅ ሸለቆዎች በአንታርክቲካ፣ ከሮስ ባሕር በስተ ምዕራብ የሚገኙ ሲሆን፣ በአህጉሩ በረዶ ካልሸፈናቸው ቦታዎች ሁሉ ሰፊዎቹ ናቸው። ትራንስአንታርክቲክ ተራሮች ከመሐል አህጉር ወደ ባሕር የሚገፋውን ግግር በረዶ ያግዱታል፤ ከሰማይ የሚወርደውም ጥቂት በረዶ አብዛኛው መሬቱን ሳያርስ በደረቁ ነፋስ ተንኖ ያልቃል። በዚህ የተነሳ ጅረቶቹና ሐይቆቹ ውሃ የሚያገኙት ፀሐይ በማትጠልቅባቸው ጥቂት የበጋ ሳምንታት ከግግሮቹ ከሚቀልጠው ነው። ትንሽ የሙቀት ለውጥ የውሃውን መጠን በእጅጉ ስለሚለውጠው፣ የአየር ንብረት በሕይወት ላይ ያለውን ጫና ለመከታተል ከዚህ የተሻለ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል።

ሸለቆዎቹን በ1903 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያገኘው የእንግሊዙ አሳሽ ሮበርት ስኮት ነው። በጉዞው የተለካው የቦኒ ሐይቅ ጠባብ መተላለፊያ ስፋት፣ የሐይቁ ወለል ከዚያ ወዲህ ምን ያህል ከፍ እንዳለ ለማስላት እስካሁን ያገለግላል። ኒውዚላንዳውያን ከ1969 ጀምሮ የአህጉሩን ረጅሙን ወንዝ፣ ኦኒክስን፣ ፍሰት ለክተዋል።

የተቀናጀው ክትትል የተጀመረው በ1993፣ በአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ድጋፍ ነው። ማዕከሉ ቴይለር ሸለቆ ሲሆን፣ የአየር ሁኔታ፣ የጅረት ፍሰት፣ የግግር በረዶ፣ የሐይቅና የአፈር ሕይወት ዓመት ሳይታጎል ይመዘገባሉ። ከሥራዎቹ አንዱን ብቻ ለማንሳት፣ ለሁለት አሥርት ዓመታት ያህል ደርቆ በቆየ የጅረት መውረጃ ውሃ ሲለቀቅበት፣ በድንጋዮቹ መካከል እንደ ደረቀ ቅርፊት ተጣብቆ የኖረው የረቂቅ ተሕዋስያን ምንጣፍ በሳምንት ገደማ ውስጥ ነፍስ ዘርቶ ማደግ ጀምሯል።

ብዙ ያከራከረው በ2002 የወጣው ጥናት ነው። ከ1986 እስከ 2000 ሸለቆዎቹ በየአሥር ዓመቱ በ0.7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀዝቀዛቸውን አሳየ። አንዳንዶች የዓለምን ሙቀት መጨመር ለማስተባበል ቢጠቅሱትም፣ የጥናቱ መሪ ፒተር ዶራን በ2006 በአደባባይ ተቃውሟቸዋል፤ መረጃው ስለ አንድ አካባቢና ስለ አንድ ዘመን እንጂ ስለ መላው ዓለም አይናገርምና ተቃውሞው ተገቢ ነበር። በ2001–2002 በጋ ደግሞ ሙቀቱ በድንገት በርትቶ ጅረቶቹ ከአፍ እስከ ገደፋቸው ሞሉ፤ የሐይቆቹም ወለል ከፍ አለ። ቅዝቃዜው ከዚያ በኋላ አልቀጠለም። ደረቅ አፈርን የሚመርጠው ስኮትኔማ ሊንድሴዬ የተባለው ጥቃቅን ትል ሲቀንስ፣ እርጥበት የሚስማማቸው ሌሎች ትሎች ቁጥራቸው ጨምሯል። ይህን ለማየት የተቻለው ከጎርፉ በፊት የነበረው ሁሉ አስቀድሞ ተመዝግቦ ስለ ነበር ነው።

ሸለቆዎቹ ከ2004 ጀምሮ በአንታርክቲካ ስምምነት መሠረት በልዩ ሁኔታ የሚተዳደሩ ናቸው። ተመራማሪዎች በተቻለ መጠን በተወሰኑ መንገዶች ይሄዳሉ፤ የሰው እዳሪን ጨምሮ ቆሻሻ ሁሉ ታሽጎ ከሸለቆዎቹ ይወጣል።