የሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲዎች ማኅበራዊ ኃላፊነት በደሴና በኮምቦልቻ

የአንድ ድርጅት ማኅበራዊ ኃላፊነት ሲነሳ ቶሎ የሚታወሰው ለተማሪ ደብተር መግዛት፣ ችግኝ መትከል፣ አቅመ ደካሞችን በረመዳን ማስፈጠርና በፋሲካ ማስፈሰክ ነው። ሁሉም ያስመሰግናል። ሥራና ሠራተኛ የሚያገናኝ ኤጀንሲ ግን እንጀራው የሰው ጉልበት ስለሆነ ኃላፊነቱ በቅድሚያ የሚመዘነው በዕለት ሥራው ነው፤ ከሥራ ፈላጊው ምን ይቀበላል? ምን ዓይነት ውል ያስፈርማል? ከደመወዙ ምን ያህል ያስቀራል?

ደሴና ኮምቦልቻን የሚለያያቸው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደሴ የአስተዳደር፣ የንግድና የትምህርት ከተማ ስትሆን ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት። የጨርቃ ጨርቅና የቢራ ፋብሪካዎች፣ ደረቅ ወደብ፣ በ2009 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀ ኢንዱስትሪ ፓርክም አላት። ከቃሉ፣ ከተሁለደሬ፣ ከወረባቦና ከአምባሰል ገጠሮች ወጣቶች፣ በተለይም ሴቶች፣ ሥራ ፍለጋ ይመጣሉ። ከተማውን ለማያውቅ ሰው ቀድሞ የሚደርስለት ብዙውን ጊዜ ደላላ ነው።

ፈቃድ ያለው ኤጀንሲ ከደላላ የሚለይበት ዋናው ነጥብ በሕግ ተቀምጧል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የግል ኤጀንሲን ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ ሳይቀበል አገልግሎት የሚሰጥ አድርጎ ይመለከተዋል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1999 ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 181ም መርሑ ይኸው ነው። የአገልግሎቱን ዋጋ መክፈል ያለበት አሠሪው ነው። «የመመዝገቢያ»፣ «የፎርም» እየተባለ ከሥራ ፈላጊ የሚሰበሰብ ገንዘብ ስሙ ቢቀየርም ያው ክፍያ ነው፤ ለወር የቤት ኪራይ ከያዘችው ላይ የምትከፍል ልጅ ደግሞ ጉዳቱ ወዲያው ይሰማታል።

ኤጀንሲው ሠራተኛውን ራሱ ቀጥሮ ለሌላ ድርጅት ሲያሰማራ ጉዳዩ ይከብዳል። የጥበቃና የጽዳት ሠራተኞች በብዛት የሚቀጠሩት በዚህ መንገድ ነው። ተጠቃሚው ድርጅት ለኤጀንሲው የሚከፍለውና ሠራተኛው እጅ የሚገባው ገንዘብ ልዩነት የኤጀንሲው ገቢ ነው። ለግሉ ዘርፍ በአገር አቀፍ ደረጃ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ስለሌለ ይህ ልዩነት የት ላይ እንደሚቆም የሚወስነው በአብዛኛው የኤጀንሲው ህሊና ነው። ስለዚህ ኃላፊነት የሚሰማው ኤጀንሲ ልዩነቱን ለሠራተኛው በግልጽ ያሳውቃል። የጡረታ መዋጮውንም፣ ከሠራተኛው 7 በመቶ ከአሠሪው 11 በመቶ፣ በየወሩ ገቢ ያደርጋል። የ120 ቀኑን የወሊድ ፈቃድ ከነደመወዙ ይሰጣል፤ በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳትም አሠሪ ነኝ ብሎ ይቆማል። መዋጮውን ሳያስገባ ለትምህርት ቤት ደብተር የሚያድል ኤጀንሲ የሠራተኞቹን ገንዘብ ነው የሚለግሰው።

የ2014 ዓ.ም. ክስተቶች ይህን ኃላፊነት በብርቱ ፈትነውታል። በዓመቱ መጀመሪያ የሰሜኑ ጦርነት ሁለቱንም ከተሞች አዳረሰ፤ ፋብሪካዎች ተዘረፉ፣ ወደሙ። በታኅሣሥ ወር ደግሞ ኢትዮጵያ አጎዋ ከተባለው ከቀረጥ ነፃ የአሜሪካ ገበያ ታገደች፤ ለውጭ ገበያ ልብስ ለሚሰፉ ድርጅቶችም ይህ ሁለተኛ ምት ሆነ። እንዲህ ባለ ጊዜ ኤጀንሲ ለሠራተኛው ምን ዕዳ እንዳለበት ከውሉ ላይ አስቀድሞ መጻፍ አለበት።

በወሎ ሥራና ሠራተኛን ለማገናኘት የሚያግዝ ነባር ተቋምም አለ፤ ክርስቲያኑንና ሙስሊሙን በለቅሶ የሚያስተባብረው፣ እንደ ዕድር ያለው ቅሬ። ዋስ ማቅረብ አቅቷቸው ሥራ ለሚያመልጣቸው የገጠር ልጆች የቅሬ ሽማግሌዎች ምስክርነት እንደ ዋስትና ቢያዝ፣ ኤጀንሲውም ብዙ ወጪ ሳያወጣ በርካታ ወጣቶችን ሊያግዝ ይችላል።

ደቡብ ወሎ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያና ወደ ሌሎች የዓረብ አገሮች ብዙ ሰው የሚሄድበት አካባቢም ነው። በውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት የቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ እንዲሁም የመድን ወጪ የአሠሪው ነው፤ ፓስፖርትና የጤና ምርመራ የሠራተኛው። ውሉ ሲጣስ ኤጀንሲው ከአሠሪው ጋር በአንድነትና በተናጠል ይጠየቃል። ይህን ዝርዝር ከጉዞ በፊት፣ በሚገባቸው ቋንቋ፣ ለምትሄደው ልጅም ለወላጆቿም ማስረዳት የኤጀንሲው ሥራ ነው።