«መርከብ ላይ እየተዝናናችሁ ነዋ» ላላችሁን ሰዎች፦ ስለ ሆስፒታል መርከብ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እኔና ባለቤቴ በጎ ፈቃደኛ ሆነን ሆስፒታል መርከብ ላይ (ወደብ ላይ ቆሞ ቀዶ ሕክምና የሚሰጥ መርከብ ነው) ሁለት ዓመት ገደማ ኖረናል። እሷ የኦፕሬሽን ክፍል ነርስ ናት፣ እኔ ኪችን ውስጥ ድስት አጣቢ ነበርኩ (ቀልድ አይደለም)። ከተመለስን ጀምሮ ሰው የሚለን ነገር ሁሌም አንድ አይነት ስለሆነ እዚህ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው።

«ሐኪም ካልሆንክ ምን ትሰራለህ?»

መርከቧ እኮ ሆስፒታል ብቻ አይደለችም፣ ትንሽ ከተማ በሏት። ካፒቴን፣ መካኒክ፣ ኤሌክትሪሺያን፣ አስተማሪ፣ ሒሳብ ሠራተኛ፣ ልብስ አጣቢ፣ ምግብ አብሳይ ሁሉም ያስፈልጋል። ጄኔሬተሩን የሚጠብቅ ሰው ከሌለ የሰርጀኑ መብራት አይበራም፣ እኔ ድስቱን ካላጠብኩ ደግሞ ሰርጀኑ ምሳ አይበላም፣ ይሄን ለራሴ ሞራል ስል ደጋግሜ እለው ነበር።

«ደሞዙ ጥሩ ነው አይደል?»

ደሞዝ የለም። እንደውም ከፋዮቹ እኛ ነበርን። እንደ መርሲ ሺፕስ ባሉ የሆስፒታል መርከብ ድርጅቶች በጎ ፈቃደኛው ለረጅም ዓመታት ለማደሪያና ለምግብ በየወሩ ራሱ ይከፍል ነበር፣ የአውሮፕላን ትኬትና ኢንሹራንስም ከራሱ ነው። ብዙ የሚቆይ ሰው ከቤተሰብ፣ ከጓደኛ፣ ከቤተክርስቲያኑ ድጋፍ ይሰበስባል። እኛ መኪናችንን ሸጠን ነው የጀመርነው፣ ከዛ በኋላ ደግሞ ሰው መጠየቅ የሚባለው ነገር መጣ። መጠየቁን እሷ ትችልበታለች፣ እኔ አልችልበትም፣ በዚህ ጉዳይ ገና ከመሄዳችን በፊት ነው የተጣላነው።

«ባህር ላይ እየተንሳፈፉ ኦፕሬሽን ይሰራሉ»

አይሰራም። መርከቧ አንድ ወደብ ላይ ታስራ አብዛኛውን ጊዜ 10 ወር አካባቢ ትቆማለች፣ ሕክምናው ያኔ ነው። ባህር የምትወጣው አገር ስትቀይር ወይ ለጥገና ስትሄድ ነው፣ ያኔ ደግሞ በሽተኛ አይጫንም። ለምሳሌ ግሎባል መርሲ የምትባለው እ.ኤ.አ. በ2021 ተሰርታ ያለቀችው መርከብ 174 ሜትር ርዝመት፣ 6 የኦፕሬሽን ክፍልና 200 አካባቢ የበሽተኛ አልጋ አላት፣ መጀመሪያ ዳካር (ሴኔጋል) ከዛ ፍሪታውን (ሴራሊዮን) ነው የሰራችው። መርከብ የተመረጠበት ምክንያት ቀላል ነው፣ ንፁህ ውሃና የማይቆራረጥ መብራት ይዞ ይመጣል።

«ባልና ሚስት ከሆናችሁ ሃያ አራት ሰዓት አብራችሁ ናችሁ፣ እንዴት ደስ ይላል»

ይሄኛው ያስቀኛል። እሷ ጠዋት ኦፕሬሽን ክፍል ትገባለች፣ የእኔ ሺፍት ብዙ ጊዜ የማታ ነው፣ እሷ ስትመጣ እኔ እየወጣሁ ነኝ። ክፍላችን መስኮት የላትም፣ ሁለታችን አንዴ መቆም ስለማንችል አንዱ ሲለብስ ሌላው አልጋ ላይ ይቀመጣል። ሻወር ሁለት ደቂቃ ነው፣ ውሃ ይቆጠባላ። ግድግዳው ብረት ስለሆነ ሁሉም ነገር በማግኔት ነው የሚሰቀለው፣ እኛም የምንነጋገረው ማግኔት ላይ ነበር ማለት ይቻላል፦ «ካልሲህ እርጥብ ነው»፣ «እናትሽ ደውለዋል»፣ አንድ ሳምንት ሙሉ ደግሞ «እናውራ» የምትል ወረቀት ተለጥፋ ማንም ሳያወራ አለፈ።

መጣላት ራሱ ችግር ነው። የት ሄዳችሁ ነው የምትጣሉት? ግድግዳው ስስ ነው፣ ዳይኒንግ ክፍል ስትገቡ ጎረቤት ሁሉንም ሰምቷል። እኛ ለመጨቃጨቅ ወደቡ ላይ ወርደን እንራመድ ነበር፣ ዘበኞቹ በጣም የምንዋደድ ባልና ሚስት ይመስሏቸው ነበር።

አንድ ቀን ግን ድስት እያጠብኩ ስልክ ተደወለ፣ ደም ስጥ አሉኝ። መርከብ ላይ ትልቅ የደም ባንክ የለም፣ ሠራተኛው ራሱ ነው ባንኩ፣ ደማችሁ ተመርምሮ ይመዘገብና የሚመሳሰል በሽተኛ ሲመጣ ትጠራላችሁ። ሰጥቼ፣ ጁስ ጠጥቼ፣ ቀለል ያለ ሥራ ተሰጠኝና ሽንኩርት ልላጥ ተመለስኩ። ማታ ባለቤቴ የፊት እጢ የወጣላት ሴትዮ ብዙ ደም ፈሷት እንደነበር ስታወራ ሰዓቱን ጠየቅኳት፣ ገጠመ። ሁለታችንም ትንሽ ዝም አልን፣ ከዛ «ታዲያ ዛሬ ለምን ድንች ነው ያበሰላችሁት» አለችኝ።

«ልጅ ካለማ አይሆንም»

ይሆናል፣ ትምህርት ቤት አለ። መርሲ ሺፕስን ራሱ እ.ኤ.አ. በ1978 የመሰረቱት ዶንና ዴዮን ስቲቨንስ ባልና ሚስት ናቸው። የድርጅቱ ሰርጀን ዶክተር ጋሪ ፓርከር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ለጥቂት ወራት ብሎ ገብቶ ከ30 ዓመት በላይ ቆየ፣ ሚስቱንም ያገኘው እዛው መርከብ ላይ ነው፣ ልጆቻቸውም እዛው አደጉ። ለሁሉም ልጅ ይመቻል ግን አልልም፣ ጓደኛ በየጊዜው ሻንጣ ይዞ ይሄዳል።

«ክርስቲያን ያልሆነ አይታከምም»

ሐሰት ነው። ድርጅቱ ክርስቲያናዊ ነው፣ በሽተኛ ግን በሃይማኖት አይመረጥም። አብዛኛው ሕዝብ ሙስሊም የሆነባት ሴኔጋል ውስጥ መስራቱን አስታውሱ።

«የመጣ ሁሉ ይታከማል»

እዚህ ጋ ነው ሰው በጣም የሚሳሳተው። የድንገተኛ ክፍል አይደለም። የሚሰሩት የታወቁ ናቸው፦ የፊትና የመንጋጋ እጢ፣ የከንፈር መሰንጠቅ፣ የዓይን ሞራ፣ ሄርኒያ (የአንጀት መውረድ)፣ የቃጠሎ ጠባሳ፣ እግራቸው የተጣመመ ሕፃናት። የተሰራጨ ካንሰር ከሆነ ኦፕሬሽን አይጠቅምም፣ ስለዚህ «አይሆንም» ይባላል፣ በቀን ብዙ ጊዜ። ባለቤቴ አንድ ምርመራ ቀን ላይ አግዛ ነበር፣ አንድ አባት ልጁን አዝሎ መጣ፣ የልጁ ችግር መርከቧ የማትሰራው አይነት ነበር። አስተርጓሚው ነገረው። አባትዬው አልተቆጣም፣ «መቼ ነው የምትመለሱት?» ብቻ አለ። የዛን ቀን ማታ ባለቤቴ ምንም አልበላችም፣ እኔም ምን እንደምላት አላወቅኩም፣ ጫማዋን አወለቅኩላት በቃ።

«መጥተው ይሄዳሉ፣ ምን ይተርፋል?»

ትችቱ ትክክለኛ ጎን አለው። መርከብ ሲሄድ ወረፋው አይሄድም። እ.ኤ.አ. በ2015 ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያወጣው ሪፖርት 5 ቢሊዮን ሰው አስተማማኝ ቀዶ ሕክምና አያገኝም ይላል፣ ይሄን በመርከብ አትጨርሱትም። ለዛ ነው የአገሩን ሰርጀን፣ አኔስቴዢያ (ማደንዘዣ) ባለሙያና ነርስ ማሰልጠን የሥራው ግማሽ የሆነው። አስተርጓሚውም ሆነ ኪችን ውስጥ አብሮኝ የሚያጥበው ልጅ የአገሩ ተቀጣሪ ነው፣ ደሞዝ ይከፈለዋል፣ ሥራውንም ከኔ በተሻለ ይችለው ነበር።

«ስትመለሱ ኑሮ ወደ ቦታው ይመለሳል»

ቤታችን ሰፊ ሆነብን። እሷ ኮሪደሩ ማዶ ስትሆን እጮሃለሁ፣ ሻወር ውስጥ ደግሞ ሳሙና ስቀባ አሁንም ውሃውን እዘጋለሁ። ማግኔቶቹን ይዘናቸው መጥተናል ግን ግድግዳችን ግንብ ስለሆነ አይዝም፣ ፍሪጁ ላይ ተጨናንቀው ተደርድረዋል። ዛሬ ጠዋት አንዱ ስር «እናውራ» የምትለዋ ወረቀት አለች፣ እሷ ትለጥፋት እኔ ልለጥፋት ሁለታችንም አናስታውስም።