ከላባ ቤት አወጣጥ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

ሌላ ሥራ መፈለግ ኃጢአት አይደለም። ደመወዙ ከቤት ኪራይ አልተርፍ ያለው ሰው ወደ ሌላ ደጅ ቢያይ ማን ይፈርድበታል? በምሥጢር መፈለጉም ቢሆን ብቻውን ኃጢአት አይሆንም፤ ያልተቆረጠ ነገር ለአለቃ የመንገር ግዴታ የለብንም። ነፍስን የሚያቆስለው ምሥጢሩ የሚጠበቅበት መንገድ ነው። በዝምታ ነው ወይስ በውሸት? ፍለጋው በራሳችን ጊዜ ነው ወይስ በተከፈለበት ሰዓት?

ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 31ን ከዚህ አንጻር እናንብበው። ያዕቆብ ለአማቱ ለላባ 20 ዓመት አገለገለ፤ ላባም ደመወዙን 10 ጊዜ ለዋወጠበት። ያዕቆብ በምዕራፍ 30 «አሰናብተኝ» ብሎ በግልጽ ጠይቆ ነበር፤ በመጨረሻ ግን ሚስቶቹን ራሔልንና ልያን ወደ ሜዳ ጠርቶ በምሥጢር መከረ፣ ላባ በጎቹን ሊሸልት በሄደበት ሳይነግረው ወጣ። ላባ ደርሶበት ድንኳኑን ሁሉ ሲበረብር ያዕቆብ «ከቤትህ ዕቃ ምን አገኘህ?» ብሎ ለመጠየቅ አፉ አልተያዘም። አውሬ የሰበረውን እንኳ ከራሱ ሲከፍል የኖረ ነውና። የራሔል ነገር ግን ሌላ ነው፤ የአባቷን ተራፊም፣ የቤት ጣዖቱን፣ ሰርቃ በግመል ኮርቻ ሥር ሸሽጋ ተቀምጣበታለች። ከአንድ ቤት፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ምሥጢር ሁለት ዓይነት ሰው ወጣ። ዛሬ ተራፊሙ የደንበኞች ስልክ ዝርዝር፣ በፍላሽ የተገለበጠ የዋጋ ሰነድ፣ ያልተመለሰ ቁልፍ ነው።

ብዙዎቻችን የምንሰናከለው በፈቃድ ወረቀት ላይ ነው። ባሕር ዳር ያለ ሰው ለፈተና አዲስ አበባ ቢጠራ በአውቶቡስ መሄጃው አንድ ቀን፣ ፈተናው አንድ ቀን፣ መመለሻው አንድ ቀን ነው። ሦስቱን ቀን ከየት ያመጣል? የሐዘን ፈቃድ ልክ 3 የሥራ ቀን መሆኑ ፈተናውን ያከብደዋል፤ በዚህ ምክንያት በወረቀት ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ የተቀበሩ አያቶች አሉ። (ሠራተኛው ሰኞ ሲመለስ ባልደረቦቹ መዋጮ ሰብስበው «እግዚአብሔር ያጽናህ» ይሉታል፤ ያን ገንዘብ በየትኛው እጁ ይቀበለዋል?) በሐሰት የታመመም እንዲሁ ነው፤ የሕክምና ማስረጃ ሲጠየቅ ሌላ ሰው የውሸቱ ተባባሪ እንዲሆን ይለምናል። መፍትሔው የዓመት ፈቃድ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አንድ ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ 16 የሥራ ቀን አለው። ሥራ ፍለጋ ያሰበ ሰው ፈቃዱን አሟጦ አይጨርስ፣ 4 ወይም 5 ቀን ያስቀር። ምክንያት ሲጠየቅ «የግል ጉዳይ» ማለት እውነት ነው፣ ይበቃልም።

የሥራ ልምድ ደብዳቤም ያው ነው። «ለባንክ ነው»፣ «ለቪዛ ነው» የሚለው ሰበብ ጨርሶ አያስፈልግም። የሠራተኛውን የሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመንና ደመወዝ የሚገልጽ ወረቀት ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ በነፃ እንዲሰጠው አዋጁ ያዛል። መብት ለሆነ ነገር መዋሸት ከንቱ ኃጢአት ነው። አዲሱ ቀጣሪ ደግሞ «ሳንስማማ ለአሁኑ መሥሪያ ቤቴ አትደውሉ» ቢባል ነውር የለበትም፤ ብዙ ጊዜ ይረዱታል።

አለቃው ፊት ለፊት «ልትለቅ ነው እንዴ?» ሲልስ? እዚህ ላይ «በጊዮርጊስ፣ ከዚህ ወዴት እሄዳለሁ!» ብሎ የሚምል አለ። ቤተ ክርስቲያኑ በጣና ሐይቅ ዳር ያለው ሰማዕት የውሸት ዋስ አይደለም፤ ጌታም ቃላችሁ አዎን አዎን ወይም አይደለም አይደለም ይሁን ብሏል (ማቴ. 5፥37)። «ጋሼ፣ የቆረጥኩት ነገር የለም፤ ስቆርጥ ግን አስቀድሜ በጽሑፍ አሳውቅዎታለሁ» ማለት ይቻላል፤ እውነት ከሆነ ብቻ። ውሉን ፈርሞ የመጣ ሰው «አልቆረጥኩም» ማለት አይችልም።

በቢሮ ኮምፒውተርና በቢሮ ወረቀት ሲቪ ማተም፣ የቴሌግራም የሥራ ማስታወቂያ በሥራ ሰዓት ማገላበጥ፦ ትንሽ ይመስላል፣ ግን የሰው ነው። የሥራ ማስታወቂያ ለማየት «በኩር» ጋዜጣን በምሳ ሰዓት ሐይቁ ዳር ተቀምጦ ማንበብ ይቻላል።

ከዚህ የሚከፋው የሉቃስ 16 መጋቢ መንገድ ነው። ሥራውን እንደሚያጣ ባወቀ ጊዜ 100 የነበረውን ዘይት 50፣ 100 የነበረውን ስንዴ 80 አስጽፎ በጌታው ገንዘብ የነገ ማረፊያውን ገዛ። ጌታው ልባምነቱን አመሰገነለት፣ «ዓመፀኛ» የሚለው ስም ግን አልተነሣለትም። የሆቴል እንግዳ ተቀባይ «ከመስከረም በኋላ እዚያኛው ሪዞርት ነኝ፣ ወደዚያ ኑ» ብሎ በዚህኛው ሆቴል ስልክ ለአስጎብኚ ድርጅት ቢደውል ይህንኑ ማድረጉ ነው።

የመውጫው ቅደም ተከተል ሲዛባ ሐቀኛውም ሰው ይወድቃል። «ተቀብለንሃል» የሚል የስልክ ቃል ሰምቶ መልቀቂያ የሚያስገባ አለ፤ ቦታው ሲሰረዝ ከሁለቱም ሳይሆን ይቀራል። ሌላው ደግሞ ለአዲሱ ቀጣሪ «ሰኞ እጀምራለሁ» ብሎ ከአሮጌው ይጠፋል። ሕጉ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ይጠይቃል፤ ሳይሰጥ የሄደ እስከ 30 ቀን ደመወዙ ካሣ ሊከፍል ይችላል። ስለዚህ ገና በድርድሩ ላይ «30 ቀን አለብኝ» ይበል፣ ውሉን በጽሑፍ ይፈርም፣ ከዚያ መልቀቂያውን በሁለት ቅጂ ያስገባና በአንዱ ላይ የመዝገብ ቤት ማኅተም ያስመታ። ድርጅቱ አሠልጥኖት የአገልግሎት ግዴታ ፈርሞ ከሆነ ያን አስቀድሞ ያንብብ።

30 ቀን የሕግ ዝቅተኛው ነው፣ የፍቅር ልክ አይደለም። ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ማስጠንቀቂያ የሰጠ የሐይቅ ዳር ሆቴል ሠራተኛ ለጥምቀት እንግዳ ሳይደርስ ይወጣል። አዲሱ ቀጣሪ እስከ ጥር አጋማሽ ቢጠብቀው፣ መጠየቅ አይከፋም።

ርክክቡ በጽሑፍ ይሁን፦ ቁልፍ፣ ዩኒፎርም፣ ያልተወራረደ ገንዘብ፣ የይለፍ ቃል፣ የተጀመረ ሥራ የት እንደደረሰ። የሚገባው ክፍያ፣ ያልተወሰደ የዓመት ፈቃዱ ጭምር፣ ውሉ በተቋረጠ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ ሊከፈለው ይገባል፤ ንብረት ሳይመልስ ከቆየ ግን ቀኑ ሊራዘም ይችላል። ሒሳቡ ጎድሎ ከመጣ በትሕትና ይጠይቅ፤ ያዕቆብም ደመወዙን በስሙ ጠርቶ ነው የጠየቀው።