የሙዚቃ ተሰጥኦ ፈተና እና የኤድዊን ጎርደን የሙዚቃ ትምህርት ንድፈ ሐሳብ

የሙዚቃ ተሰጥኦ ፈተና ተማሪው ያወቀውን ሳይሆን ወደፊት ሊማር የሚችለውን ለመገመት የሚሰጥ ፈተና ነው። በአሜሪካ ቀደምት ከሆኑት አንዱን የአዮዋው የሥነ ልቦና ምሁር ካርል ሲሾር እ.ኤ.አ. በ1919 አወጣ። የድምፅን ቅጥነት፣ ጉልበትና ርዝመት እየነጣጠለ ያስለይ ስለነበር ከሙዚቃ ይልቅ የጆሮ ምርመራ ይመስላል።

መስኩን ወደ ዜማ የመለሰው አሜሪካዊው የሙዚቃ ትምህርት ተመራማሪ ኤድዊን ጎርደን (1927–2015) ነው። በወጣትነቱ በከበሮ መቺው በጂን ክሩፓ ባንድ ውስጥ ቤዝ ይጫወት ነበር። የንድፈ ሐሳቡ እምብርት «ኦዲየሽን» ብሎ የሰየመው ችሎታ ሲሆን፣ ድምፁ በሌለበት ዜማን በውስጥ ሰምቶ መረዳት ማለት ነው። ስለዚህ በጎርደን ሥርዓት ልጅ አስቀድሞ ይሰማል፣ ያዜማል፣ በምቱ ይንቀሳቀሳል፤ ኖታ የሚመጣው ዘግይቶ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1979 ለትንንሽ ልጆች ያዘጋጀው ፈተና ንባብም ቁጥርም አይጠይቅም። ልጁ ሁለት አጫጭር ሐረጎች ይሰማል፤ አንድ ዓይነት ከሆኑ ሁለት ተመሳሳይ ፊቶችን፣ ከተለያዩ ሁለት የተለያዩ ፊቶችን ያከብባል። 40 ጥያቄ ለዜማ፣ 40 ለምት ተመድቧል። ጎርደን ተሰጥኦ እስከ ዘጠኝ ዓመት ገደማ እንደ አካባቢው ከፍ ዝቅ ይላል፣ ከዚያ በኋላ ይረጋል ይላል። ፈተናውም ልጅን ለማባረር ሳይሆን ማስተማሪያውን በልጁ ልክ ለመቁረጥ ነው ባይ ነው። አንዳንድ ትምህርት ቤት ግን ለማጥለል ሲጠቀምበት ማየት አያስገርምም፤ ውጤት በቁጥር ከተጻፈ ወንፊት መሆኑ አይቀርም።

ችግሩ የሚጎላው ፈተናው ባሕል ሲሻገር ነው። ጎርደን እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጣው ትልቁ ፈተና አንዱ ክፍል ከሁለት አጨዋወቶች የትኛው እንደሚሻል ይጠይቃል፤ «ትክክለኛው» መልስ በባለሙያ ሙዚቀኞች ስምምነት የተወሰነ ነው። የእነዚያ ሙዚቀኞች ጆሮ የተቀረጸው በምዕራባዊው ሙዚቃ ነው። በአንቺሆዬና በአምባሰል ያደገ ልጅ ቢሳሳት የሚለካው አቅሙ ነው ወይስ ልማዱ?

ጃፓናዊው የቫዮሊን መምህር ሺኒቺ ሱዙኪ ከጥያቄው ጋር አልታገለም። ማንም ልጅ የአፍ መፍቻ ቋንቋውን ያለ መግቢያ ፈተና ይለምዳል፤ ቫዮሊንንም እንዲሁ አለ።

የኢትዮጵያ ዜማ ቤት ደግሞ ወደ ጎርደን አሳብ ሳያውቀው ይጠጋል፣ ወደ ፈተናው ግን አይጠጋም። በትውፊቱ ቅዱስ ያሬድ ራሱ ትምህርት እምቢ ብሎት ከሸሸ በኋላ፣ ዛፍ ለመውጣት እየወደቀ የሚሞክር ትል አይቶ ነው የተመለሰው፤ የመጀመሪያው ወር ውጤት ቢታይ ኖሮ ተሰናባች ነበር። ተማሪው ዜማውን ከመምህሩ አፍ ይቀበላል፣ ይደግማል፣ ይታረማል። ከቃላቱ በላይ የሚጻፉት ምልክቶች ከ16ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ እንደተስፋፉ ይነገራል። ከእነርሱ ብዙዎቹ ከታወቀ ዜማ ቃል የተወሰዱ ፊደላት ናቸው፤ ዜማውን ላልሰማ ዝም ይላሉ፣ ለሰማው ግን አንዷ ፊደል ሙሉውን ሐረግ ታስነሳለች።