ፈዘዝ ያለ ቢጫ፦ የጎጃም ቤት የውስጥ ግድግዳ ቀለም

ፈዘዝ ያለ ቢጫ፣ በቀለም ሱቆች አጠራር «ክሬም»፣ በጎጃም ከተሞች ሳሎንና መኝታ ቤት ውስጥ በብዛት ከሚታዩት ቀለሞች አንዱ ነው። ወደ ቅቤ፣ ወደ ማር ወይም ወደ ሎሚ ሊያደላ ይችላል። የአደይና የኑግ አበባ ቢጫ፣ ከክረምት ማግስት ሜዳውን ሲያለብሰው አቻ ባይኖረውም፣ ለአራት ግድግዳ ከልክ በላይ ይደምቃል።

ቢጫ ለአገሩ ግድግዳ እንግዳ አይደለም። በዘጌ እንደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ባሉ አብያተ ክርስቲያናት የመቅደሱን ግድግዳ በሸፈኑት ድንቅ ሥዕሎች ውስጥ ከቀይና ከአረንጓዴ ጋር ደምቆ ይታያል። በመኖሪያ ቤት ግን ግድግዳው የሚያምረው በምርጊት፣ በእበትና በነጭ አፈር ነበር። የፋብሪካ ቀለም የመጣው በኋላ ነው።

ምርጫውን የሚወስነው ብርሃን ነው። ጎጃም ከምድር ወገብ በስተሰሜን ከ10 እስከ 12 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚገኝ፣ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ በሰሜን፣ በቀረው ጊዜ በደቡብ በኩል ትውላለች። ስለዚህ በደቡብ መስኮት ብቻ ብርሃን የሚያገኝ ክፍል በክረምት ደመና ይጨልማል፤ ለእሱ ወደ ማር ያደላ ቢጫ ይስማማዋል። ሎሚማው በደመናማ ብርሃን አረንጓዴ ይመስላል። ነጭ አምፖልም እንዲሁ ያደርገዋል፣ ቢጫማ አምፖል ግን ያሞቀዋል። ግድግዳዎቹ ቀለሙን እርስ በርስ ስለሚያንጸባርቁ ከወደዱት አንድ ደረጃ የፈዘዘውን መውሰድ ይበጃል። 50 በ50 ሳንቲ ሜትር ካርቶን ሁለት እጅ፣ ማለትም ሁለት ጊዜ ደራርቦ፣ ቀብቶ ካደረቁ በኋላ፣ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ በአምፖል በተለያየ ግድግዳ ላይ ማየት ነው። የውኃ ቀለም ሲደርቅ ትንሽ ስለሚጠቁር በእርጥቡ አይፈረድም።

ቀለሙ ሲበጠበጥ በመጀመሪያ በ1 ሊትር ነጭ ቀለም ላይ ማቅለሚያውን በሲሪንጅ እየለኩ መጨመርና መጠኑን መጻፍ፣ ከዚያ ማባዛት ያስፈልጋል። ድምቀቱን ለማብረድ ጥቁር የሚጨምሩ አሉ፤ ጥቁር ቢጫን የወይራ አረንጓዴ ያደርገዋል። ጥቂት ቡኒ ይሻላል። የክፍሉ ቀለም በሙሉ በአንድ ዕቃ ይዘጋጅ፤ ሁለተኛው ብጥብጥ ከመጀመሪያው ጋር በትክክል አይገጥምም።

4 በ4 ሜትር ስፋትና 2.6 ሜትር ከፍታ ያለው ክፍል በርና መስኮቱ ሲቀነስ 38 ካሬ ሜትር ያህል ግድግዳ አለው። 1 ሊትር በአንድ እጅ ከ8 እስከ 10 ካሬ ሜትር ስለሚሸፍን ለሁለት እጅ 9 ሊትር ገደማ ይበቃል። ቢጫ የመሸፈን አቅሙ ደካማ ስለሆነ ከሥር አንድ እጅ ነጭ ካልተቀባ ሦስተኛ እጅ ይጠይቃል።

ግድግዳው ላይ የሚበላሸው ብዙ ነው። አዲስ የሲሚንቶ ልስን ቢያንስ 4 ሳምንት ይድረቅ፤ ያለዚያ ጨው ያወጣል፣ ቀለሙም ይነጣል። የሚቦንን የኖራ ቅብ ሳይፍቁ የተቀባ ቀለም በቅርፊት በቅርፊት ይነሳል። ጭቃ ግድግዳ ዘይት ቀለም ይችላል የሚሉ ቀቢዎች አሉ። አይችልም፤ እርጥበቱ መውጫ አጥቶ ቀለሙን ከነምርጊቱ ይጥለዋል። የጭስ ጥላሸት በውኃ ቀለም ሥር ተመልሶ ቡኒ ሆኖ ስለሚወጣ፣ በልስን ግድግዳ ላይ ታጥቦ በአንድ እጅ ዘይት ቀለም መታፈን አለበት።

ኮርኒሱ ነጭ ቢሆን ክፍሉ ከፍ ያለ ይመስላል፤ አንዳንዶች ግን ያንኑ ቢጫ አፍዝዘው መቀባትን ይመርጣሉ። ለበርና ለመስኮት ቡኒ ወይም ጥቁር አረንጓዴ፣ ለመጋረጃ ያልነጣ ጥጥ ወይም ግራጫማ ሰማያዊ ይሄዳል። ቀይ ወለል ቢጫውን ወደ ብርቱካን ስለሚስበው በዚያ ክፍል ወደ ቅቤ ያደላው ይመረጣል። ልጆች ባሉበት ቤት የልስን ግድግዳው የታችኛው 1.2 ሜትር እንደ ትምህርት ቤት ክፍል በጠቆር ያለ ዘይት ቀለም ቢቀባ በእርጥብ ጨርቅ ይጸዳል።