«ሚስትህ ሣራ ወዴት ናት?»

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ባለፈው እሑድ ወሩ በገባ በ7ኛው ቀን ስለዋለ፣ የቅድስት ሥላሴ መታሰቢያም ስለሆነ፣ ከቅዳሴ በኋላ ሰዎች ቤቴ ጠርቼ ነበር። በጋ ነው። ፀሐዩ አናት ይበሳል። በሩንም መስኮቱንም ከፍተን ሽው የሚል ነገር የለም። እንግዶቹ ሳሎን ተቀምጠዋል። ልጆቹ ወለሉ ይቀዘቅዛል ብለው በጀርባቸው ተዘርረዋል። እኔ ደግሞ እንደ ልማዴ ማስተማር ጀመርኩ። ስለ ምን መሰላችሁ? ስለ አብርሃም እንግዳ ተቀባይነት!

ሞቅ ብሎኝ «አብርሃም እኮ ሮጠ!» እያልኩ እጄን ሳወናጭፍ አንድ አባት አቋረጡኝ።

«ባለቤትህስ የት አለች? ከመጣን አላየናትም።»

«ውስጥ ናት» አልኳቸው። ዘወር እንኳ አላልኩም። ካቆምኩበት ቀጠልኩ።

ነገሩ የገባኝ ማታ ነው። እንግዶቹ ሄደዋል፣ ልጆቹ ተኝተዋል። መጽሐፍ ቅዱሱ ዘፍጥረት 18 ላይ እንደተከፈተ ጠረጴዛው ላይ ቀርቷል። ልዘጋው ስል ዓይኔ ቁጥር 9 ላይ አረፈ። «ሚስትህ ሣራ ወዴት ናት? አሉት። እርሱም፦ በድንኳኑ ውስጥ ናት አላቸው።»

ደነገጥኩ። ያንኑ ጥያቄ ተጠይቄ ነበር። ያንኑ መልስ መልሼ ነበር። ቀኑን ሙሉ ይህንን ምዕራፍ ሳስተምር ውዬ ይህቺን ቁጥር ዘልያታለሁ። ቀና ስል የማድ ቤቱ መብራት አሁንም አልጠፋም።

እስቲ ምዕራፉን ከላይ ጀምረን እንየው። «በቀትርም ጊዜ» ይላል። አብርሃም በድንኳኑ ደጃፍ ተቀምጧል። መሥዋዕት እያቀረበ ነበር አይልም፤ በተራራ ላይ ይጸልይ ነበርም አይልም። ሙቀቱ ሲበረታ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው ቤቱ ደጃፍ ቁጭ ብሎ ነበር። እግዚአብሔር የተገለጠለት በዚህ ሰዓት ነው። (ሥላሴ በአብርሃም ቤት የገቡበት ዓመታዊ በዓል ሐምሌ 7፣ በክረምት ስለሚውል ይሆናል፣ ይህን ታሪክ ስሰማ ሙቀቱ ትዝ ብሎኝ አያውቅም። ዘንድሮ በላቤ ተማርኩት።)

አሁን አብርሃምን ተከተሉት። ዕድሜው 99 ነው። ከመገረዙም ገና ብዙ አልቆየም። ሦስቱን ሰዎች ሲያይ ሊቀበላቸው ሮጠ። ወደ ሣራ ፈጥኖ ገባ። ወደ ላሞቹ ሮጠ። ጥጃውን ራሱ መርጦ ለብላቴናው ሰጠ። እርጎውን፣ ወተቱን፣ የተዘጋጀውን ጥጃ ራሱ አመጣ። ሲበሉም ከዛፉ በታች በፊታቸው ቆሞ ነበር። አልተቀመጠም! ሣራን «ፈጥነሽ አዘጋጂ» ያላትም እየሮጠ ነው። ሦስት መስፈሪያ ዱቄት ለሦስት እንግዳ ከበቂ በላይ ነው፤ በዚያ ቀትር እሳት ፊት መቆም ነው። ግን እሷ በላብ ስትጠመቅ እሱም በላብ ተጠምቋል።

እኔ ወደ ማድ ቤት «ቶሎ በሉ እንጂ» ያልኩት ሶፋ ላይ ሆኜ ነው።

ስለዚህ የአብርሃም «ውስጥ ናት» እና የእኔ «ውስጥ ናት» ቃሉ አንድ ይሁን እንጂ ለየቅል ነው። እሱ አሁን ከእሷ ዘንድ ነው የመጣው። ምን እየሠራች እንደሆነ ያውቃል። እኔ ግን የት እንዳለች እንጂ እንዴት እንዳለች አላውቅም ነበር። ጠዋት ራሷን ያማት እንደነበር የሰማሁት በማግስቱ ከልጄ ነው።

እግዚአብሔር «ወዴት» ብሎ ሲጠይቅ ጠፍቶበት አይደለም። አዳምን «ወዴት ነህ?» አለው፤ አዳም ከዛፎች መካከል ተሸሽጎ ነበር። ቃየልን «ወንድምህ አቤል ወዴት ነው?» አለው፤ «አላውቅም፤ የወንድሜ ጠባቂ እኔ ነኝን?» ብሎ መለሰ። አብርሃምንም ስለ ሚስቱ ጠየቀው፤ እሱ ሳያፍር መለሰ። ሦስቱ ጥያቄዎች በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ናቸው። አዳም ስለ ራሱ፣ ቃየል ስለ ወንድሙ፣ አብርሃም ስለ ሚስቱ ተጠየቀ። እኛም እንጠየቃለን። ስንት ጊዜ እንዳስተማርን፣ ስንት ማኅበር እንደመራን ከመጠየቃችን በፊት ይህች ጥያቄ ትመጣ ይሆን ብዬ እፈራለሁ።

ወንድሞቼ፣ በተለይ የምናገለግለው፣ አትቀየሙኝና ልናገር። ዐውደ ምሕረት ላይ አንደበታችን ማር ነው። ስልክ ስናነሳ «ሰላም ለኪ» ብለን ነው። ቤት ስንገባ ግን ፊታችን ይጨማደዳል። ልጅ «አባዬ» ሲል «ቆይ» እንላለን። ያቺ «ቆይ» ስንት ዓመት እንደቆየች እግዚአብሔር ይወቀው። በዕረፍት ቀን ሁላችንም አንድ ጣሪያ ሥር ውለን፣ አንዱ አልጋ ላይ፣ አንዱ በረንዳ ላይ፣ ሁሉም አንገቱን ስልኩ ላይ ደፍቶ ይመሻል። የምናየውም ስብከት ሊሆን ይችላል! ስብከት እያየን አጠገባችን ያለውን ሰው ሳናይ እንውላለን።

ሐዋርያው ጳውሎስ የራሱን ቤት ማስተዳደር የማያውቅ የእግዚአብሔርን ቤተ ክርስቲያን እንዴት ይጠብቃታል ብሎ ለጢሞቴዎስ ጽፎለታል። ቅዱስ ጴጥሮስ ይብሳል፤ ባሎች ከሚስቶቻቸው ጋር በማስተዋል እንዲኖሩና እንዲያከብሯቸው ካዘዘ በኋላ «ጸሎታችሁ እንዳይከለከል» ይላል። ጸሎት ይከለከላል ማለት ነው? አዎ፤ እንዲያ ነው የጻፈው። ውዳሴ ማርያም እየደገምን ማድ ቤት ያለችውን አኩርፈን ከሆነ እንግዲህ ማን ይሰማናል?

«አገልግሎት ላይ ነኝ» የምትለው ቃል ብዙ ቤት አቃጥላለች። እኔም ተደብቄባታለሁ። አዳም ዛፍ ነበረው፣ እኔ አገልግሎት አለኝ።

አሁን ደግሞ ወደ እናንተ ልመለስ፣ ውስጥ ወዳላችሁት እኅቶቼና እናቶቼ።

እንግዳው ስሟን ጠርቷል። አስተውላችሁታል? አብርሃም ገና አላስተዋወቃትም። ደግሞ የጠራት «ሦራ» ብሎ አይደለም። በምዕራፍ 17 ላይ እግዚአብሔር ስሟን ሣራ ብሎ ለውጦ ነበር፤ እንግዳው የጠራት በዚያ በአዲሱ ስሟ ነው። ስም ያወጣላት እሱ ስለሆነ። ዱቄት ፊቷ ላይ እንደተበተነ፣ ከድንኳኑ ውስጥ ሆና፣ የገዛ ስሟን ከማታውቀው ሰው አፍ ሰማች። እስቲ ቦታዋ ላይ ቆማችሁ ስሙት።

ከዚያም የምትወልደውን ልጅ ተስፋ ሰጠ። 90 ዓመቷ ነው። በልቧ ሳቀች። ድምፅ አላሰማችም፤ እሱ ግን ሰማት። ፈርታ «አልሳቅሁም» ስትል «አይደለም፤ ስቀሻልና» አላት። ብዙ ሰው ይህን እንደ ቁጣ ያነበዋል። እኔ ግን እንዲያ አይመስለኝም፤ ቢቆጣባት ኖሮ ተስፋውን ባነሣባት ነበር። በዓመቱ ልጁ ተወለደ፣ ስሙም ይስሐቅ ተባለ፤ ሳቅ ማለት ነው። ያን ጊዜ ሣራ «እግዚአብሔር ሳቅ አደረገልኝ» አለች። ለአብርሃም የተነገረው ተስፋ ለእሷም በጆሮዋ እንዲደርስ ነው እግዚአብሔር ድንኳኗ ድረስ የመጣው። እናንተ የሰው ዓይን ሳያርፍባችሁ የምትደክሙ፣ ጓዳ ሆናችሁ ቅዳሴው በሩቁ የሚሰማችሁ፣ በልባችሁ ያለፈችውን ያቺን የድካም ሳቅ እንኳ የሰማ አለ።

አንድ ነገር ጨምሬ ልተው። እንግዶቹ ከዛፉ ሥር ተነሥተው ሲሄዱ እግዚአብሔር ስለ አብርሃም የተናገረው ቃል አለ፤ ቁጥር 19 ላይ ነው። ልጆቹንና ቤቱን የእግዚአብሔርን መንገድ እንዲጠብቁ እንደሚያዝዝ አውቃለሁ አለ። ስለ መሠዊያዎቹ እዚህ ላይ አላነሣም። ቤቱን ነው ያነሣው። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅም ምእመናኑን ቤታችሁን ቤተ ክርስቲያን አድርጉ እያለ ይመክር የነበረው ለዚህ ይመስለኛል።

በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ሙቀቱ አልበረደም ነበር። ጫማዬን አውልቄ በቀጥታ ማድ ቤት ገባሁ። ልጄ አየችኝና ለእናቷ «አባዬ ጠፍቶት ነው?» አለቻት። ባለቤቴ ዘወር አለች። እጇን በሽርጧ ጠረገች።

«ምን ጎደለ? ውኃ ነው?»

«ምንም አልጎደለም» አልኳት። «እንዲሁ ነው።»

ትንሽ አየችኝ። ስለ ራስ ምታቷ ልጠይቃት አፌን ስከፍት ቢላዋውን አቀበለችኝና በአገጯ መክተፊያውን አሳየችኝ።